አንቺው ታቀፊያቸው

ጥሩሸዋ ስለ ዶሮ ማንም እንዲመክራት አትፈልግም። ከልጅነቷ ጀምሮ ዶሮ ስታስታቅፍ ኖራ አሁን ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ከዓለም ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሆነው፣ የጀማ ገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠው ሰፈሯ የእሷን ቄብ ወስዶ ያላረባ ቤት የለም። ሰው ሊመክራት አፉን ሲከፍት አንገቷን ወደ ጓሮ ታዞራለች፤ ተናጋሪው ገብቶት ወሬ ይለውጣል።

ባለፈው ዓመት ግን ዓይኗ ከዳት። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አላት፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ጠብታው ያቆየዋል። ፊት ለፊቷ ያለውን ታያለች። ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ሰው ትለያለች፣ ቤተ ክርስቲያን ብቻዋን ደርሳ ትመለሳለች። ከላይና ከጎን የሚመጣውን ግን አታይም። ጭልፊት ደግሞ ተፈጥሮው ሆኖ ፊት ለፊት አይመጣም።

ግንቦት ላይ አሥራ አንድ ጫጩት አስፈልፍላ ነበር። በሰኔ መጨረሻ ልጇ ጽናት ከዓለም ከተማ ልትጠይቃት ስትመጣ የቀሩት ሁለት ናቸው። የጫጩቶቹ ማለቅ እንኳ ባልከፋ፤ የከፋው ጥሩሸዋ «አሥራ አንድ አድርሻለሁ» ብላ ለልጇ በኩራት መናገሯ ነው። ጽናት ጓሮውን አየች፣ እናቷን አየች፣ ደግማ ጓሮውን አየች።

«እማዬ፣ ሁለት ናቸው እኮ።»

ጽናት ክፉ ልጅ አይደለችም። ዓለም ከተማ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። የዚያን ዕለት ማታ ስታስብ አመሸችና ጠዋት ተናገረች። «ጫጩት ከእግርሽ ሥር ሲነጠቅ ያላየሽ ሰው፣ እባብ እግርሽ ላይ ሲወጣ ታዪዋለሽ? ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ። ቤቱን አንድ ሰው ይገባበታል።»

ጥሩሸዋ የልጇን ቤት ታውቀዋለች። አንድ ጊዜ ታማ ሦስት ሳምንት ተቀምጣበታለች። በሩ ሲከፈት የሰው ግድግዳ ነው የሚታየው። ልትጠርግ ስትነሳ «ቁጭ በይ እማማ»፣ ውኃ ልትቀዳ ስትነሳ «ቁጭ በይ እማማ»። ደግ ሰዎች ናቸው፤ በደግነታቸው ሊገድሏት ምንም አልቀራቸውም ነበር። ከጓሮዋ መውጣት ለእሷ ሳይሞቱ መቀበር ነው፤ ይህንን ለጽናት ልትነግራት ሞክራ ቃሉ አልመጣላትም።

ያዳናት ወንድሟ ወዳጆ ነው። ወዳጆ በሦስት ዓመት ታናሿ ሲሆን ከገደሉ በታች፣ ከጀማ ዳር ቆላው ውስጥ ማሽላ ያርሳል። ጽናትን ከአባቷ ሞት በኋላ ያስተማራት እሱ ስለሆነ ልጅቷ ቃሉን አትጥልም። «እስከ ገና ታገሽኝ» አላት። «ዓይን አመጣላታለሁ። እስከ ገና ካልሆነ እኔው ራሴ ተሸክሜ አምጥቼ አስረክብሻለሁ።» ጽናት ዓይን ከየት እንደሚመጣ ባይገባትም እሺ አለች።

ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ ፍልሰታ የሚፈታ ዕለት፣ ወዳጆ አቀበቱን ወጥቶ መጣ። ትከሻው ላይ አንድ ቅል አንጠልጥሏል። ቅሉ ውስጥ ጭድ ጎዝጉዞ ስምንት እንቁላል ይዟል፤ ከዶሮ ያነሱ፣ ጫፋቸው ሾል ያለ፣ ቡናማ ነጠብጣብ ያለባቸው። ጥሩሸዋ አንዱን አንስታ ዓይኗ ሥር አስጠግታ አየችው።

«የምን ነው?»

«የጅግራ። ማሽላው ጥግ ሣር ውስጥ አገኘኋቸው።»

«እኔ የዱር ወፍ ምን ላደርገው ነው?»

ወዳጆ ተቀመጠና አስረዳት። እሱ ሦስት ጅግራ በደጁ ማርባት ከጀመረ ዓመት አልፎታል፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ጫጩት አልተነጠቀበትም። «ጅግራ ዝምታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ጭልፊት ገና ከሩቅ ነጥብ አክሎ ሲታይ ሁሉም ባንድ አፍ ይጮኻሉ። ዶሮዎቹ ጩኸቱን ይለምዱትና ጫጩታቸውን ይዘው ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባሉ። እባብ ካዩ ከበው ይጮኹበታል። እንግዳ ሰው ከመጣም እንዲሁ። ከከብቱ መዥገር ይለቅማሉ፣ ከጓሮው ፌንጣ ይለቅማሉ፣ እህልሽን አያስጨርሱሽም። ቆጥ አይወዱም፣ ዛፍ ላይ ያድራሉ። ታዲያ አልዋሽሽም፣ ያደነቁሩሻል። ጎረቤት ይረግምሻል። ግን እታለም፣ ዓይንሽ ያላየውን ጆሮሽ ይሰማልሻል።»

ጥሩሸዋ አንገቷን አላዞረችም። ይህን ያህል አንገቷን ሳታዞር ማንንም ሰምታ አታውቅም።

ገብስማ ዶሮዋ በዚያ ሳምንት ለመታቀፍ ጓጉታ ጎጆዋን አልለቅም ብላ ነበር። ጥሩሸዋ ስምንቱን ቆጠረችና ከንፈሯን ነከሰች። በእሷ ቤት፣ በእናቷም ቤት፣ ዶሮ ጥንድ እንቁላል ታቅፋ አታውቅም። ዘጠኝ ይሆናል፣ አሥራ አንድ ይሆናል፣ አሥራ ሦስት ይሆናል፤ ጥንድ ከሆነ ይጠነባል። በጾሙ ምክንያት ያልተበሉ የዶሮ እንቁላሎች በእንቅብ ተቀምጠውላት ስለነበር አምስቱን አንስታ ጨመረችና አሥራ ሦስት አደረገቻቸው።

«ተይ» አላት ወዳጆ። «ቀናቸው አይገጥምም። የዶሮ በሃያ አንድ ቀን ነው፤ የጅግራ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ይፈጃል። የራሷን ጫጩት ካየች የእኔን ጥላ ትነሳለች። ጎዶሎ ካልሆነ ካልሽ አንዱን አውጪና ሰባት ይሁኑ።»

«የአንዱን ነፍስ ልጣል?»

«እንግዲያው ስምንቱን ብቻ አስታቅፊ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው አንተ እኔን ዶሮ የምታስተምረኝ? ገብስማዋ ቀን አትቆጥርም።»

ድምፃቸው ከፍ አለ። በአጥሩ ማዶ የምትኖረው ጌታነሽ ቀና ብላ አየቻቸው። ወዳጆ ሽመሉን አንስቶ ተነሳና ደጃፉ ላይ ዞር አለ። «እሺ፤ ገብስማዋ ጥላቸው ስትነሳ አንቺው ታቀፊያቸው።»

«እታቀፋቸዋለሁ። አንተን ምን ጨነቀህ?»

ቁልቁለቱን ሲወርድ ሳቁ ከሩቅ ይሰማት ነበር። በወጉ እንኳ አልተሰናበቱም።

መስከረም ሁለት ቀን አምስቱ የዶሮ እንቁላሎች ተፈለፈሉ። በማግስቱ ገብስማዋ ጫጩቶቿን አስከትላ ጓሮ ወጣች። ጥሩሸዋ ጎጆው ውስጥ እጇን ብትከት ስምንቱ የጅግራ እንቁላሎች መቀዝቀዝ ጀምረዋል። ዶሮዋን ይዛ መለሰቻት፤ ነቁራት ወጣች። ሁለተኛ መለሰቻት፤ አንዱን እንቁላል በእግሯ ገፍታ ወጣች። ጥሩሸዋ መሬት ላይ ተቀምጣ የወንድሟን ሳቅ ሰማችው።

ሰው ብታማክር ምናልባት ሌላ ታቃፊ ዶሮ ከሰፈር ይገኝላት ነበር። ግን ጥሩሸዋን ስለ ዶሮ ሰው ስታማክር ማን አይቷት ያውቃል? ደግሞም ያማከረችው ሰው ለሌላ ይነግራል፣ ሌላው ገበያ ሲወርድ ለጽናት ያደርሳል። ምድጃ ዳር ብታኖራቸው ይበስላሉ፤ ብታርቃቸው ይበርዳሉ። መቀነቷን ፈታች። ስምንት ክንድ የሚሆን፣ እናቷ የፈተለችው ወፍራም መቀነት ነው። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በእጥፉ መሃል እያስቀመጠች ሆዷ ላይ ጠመጠመችው። የጅግራ እንቁላል ቅርፊቱ ከዶሮ ይልቅ ጠንካራ መሆኑ ትንሽ ልብ ሰጣት። ሌሊቱን ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ አደረች።

መስከረም አምስት፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ጌታነሽ ሦስት ሴቶች አስከትላ በሯን ቆረቆረች። በዚያ ሰዓት ሴቶች ተሰብስበው ሲመጡ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋም። ወዳጆ ትናንት ማሽላ ሲጠብቅ ውሎ ደረቴን አለ፤ ከመኝታው አልተነሳም። ሬሳው አባታቸው ወደተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን በቃሬዛ እየወጣ ነው።

መርዶ ሲነገር ሴቶቹ እጇን ሊይዙ ተዘጋጅተው ነበር፤ ደረቷን እንዳትደቃ፣ መሬት ላይ እንዳትፈጠፈጥ። የጥሩሸዋ እጆች ግን ወደ ደረቷ አልሄዱም። ሁለቱም ሆዷን ያዙ። ቆማ ቀረች።

«አንጀቷን ነው ያላት» አለች አንዷ።

በእኛ አገር እህት ለወንድሟ እንዴት እንደምታለቅስ የታወቀ ነው። ወገቧን ታጥቃ ትቀድማለች፣ ቃሬዛው ሲመጣ ትወድቅበታለች፣ ደረቷ እስኪያብጥ ትመታለች። ሰው ከእሷ ነው የሚቀበለው። ጥሩሸዋ ታጥቃለች፤ በመቀነቱ ውስጥ ያለውን ግን ማንም አያውቅም። ቃሬዛው ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሲገባ ግን እጆቿን ሆዷ ላይ አድርጋ እንደ ግንድ ቆመች። ሙሾ አውራጇ ጌታነሽ ነበረች። የወዳጆን ደግነት አወረደች፣ ማሽላውን አወረደች፣ ከዚያ በሙሾዋ መሃል «እህቱ የት ናት?» ብላ ጠራቻት። ሰዉ ዘወር ብሎ መንገድ ለቀቀ።

ጥሩሸዋ ብትወድቅ ስምንቱም ያልቃሉ። በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ መውደቅ የፈለገችበት ጊዜ የለም። ግን አንዴ አፏን ከከፈተች እጆቿን ማን ይይዛቸዋል? ጥርሷን ነክሳ ቆመች። ጌታነሽ ትንሽ ጠበቀቻትና ሙሾዋን ብቻዋን ቀጠለች።

ሹክሹክታው ወዲያው ተነሳ። ጥሩሸዋ ዓይኗ ነው እንጂ ጆሮዋ ደህና ነው።

«ፍልሰታ የተፈታ ለት ተጣልተው ነበር አሉ።»

«ሞቶም አልማረችውም ማለት ነው?»

ይህን ስትሰማ ሁሉንም ፈትታ መሬት ላይ ልትጥላቸው ምንም አልቀራትም። ወዳጆን እኔ፣ አለች በልቧ። ወዳጆን እኔ።

ጽናት ከዓለም ከተማ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። ሰዉን በክርኗ እየከፈለች መጥታ እናቷ ላይ ተጠመጠመች። ልጅ እናቷን በዚያ ቀን እንዴት እንደምታቅፍ ታውቃላችሁ፤ አጥንት ከአጥንት እስኪገናኝ ነው። ጥሩሸዋ ሆዷን ልታሸሽ ሞከረች፤ ከኋላዋ ያለው ሰው ግን አላፈናፈናትም። በግራ ጎኗ በኩል አንድ ነገር ቀጭ አለ። ወዲያው ሙቅ እርጥበት በጭኗ ወርዶ ቀሚሷን አራሰና እግሯ ጋ ደረሰ።

ጽናት ፈቀቅ ብላ ዝቅ ብላ አየች። ከጎኗ የቆሙት ሁለት ሴቶችም አዩ። ሁሉም ያሰቡት አንድ ነገር ነው። ጽናት ነጠላዋን አውልቃ የእናቷን ወገብ ሸፈነችና ጆሮዋ ሥር ተጠጋች። «ምንም አይደለም እማዬ። ሰልስቱ ይውጣና አብረን እንሄዳለን። ከእንግዲህ ብቻሽን አትሆኚም።»

እንቁላል ነው ብትላት ኖሮስ? የወንድሟ ሬሳ ፊት እንቁላል ታቅፋ የቆመች አሮጊት። ያን ጊዜ ዓይኗ ብቻ ሳይሆን ልቧም ጠፋ ይባላል። ራሷን ያልቻለች አሮጊት መባል ይሻላል? ጥሩሸዋ ሁለቱንም መዘነቻቸውና ዝም አለች። «እስከ ገና ታገሽኝ» ያለላት ሰው አፈር እየለበሰ ነው፤ ቃሉም አብሮት ሊቀበር ነው።

ሁለት ቀን ጽናት ቤቱን ስታሰናዳ ሰነበተች። የእናቷን ልብስ ጠቀለለች፣ ድስቶቹን አሰረች፣ ገብስማዋንና ጫጩቶቿን ጌታነሽ እንድትወስዳቸው ተነጋገረች። እናቷን ልታጥባት ፈለገች፤ ጥሩሸዋ ጓዳ ገብታ በሩን ይዛ ራሷ ተለቃለቀች። ልታስተኛት ፈለገች፤ ቁጭ ብዬ ይሻለኛል አለች። በእያንዳንዱ እምቢታ የጽናት ፊት ይበልጥ ይጨልማል። ሰባቱ እንቁላሎች ግን ከቆዳዋ እኩል ሞቀዋል፤ መቀነቱ ውስጥ ከመሆናቸው በቀር የራሷ አካል መስለዋታል። ለማልቀስ ግን አልደፈረችም። ካለቀሰች ሆዷ ይንቀጠቀጣል።

መስከረም ሰባት ሰልስቱ ሆነ። ጥሩሸዋ ደጅ የተተከለው ድንኳን በሰው ሞልቷል፤ ንፍሮው ታድሎ ሰዉ ዝም ብሎ ይቆረጥማል። ካህኑ ጸሎት ሊያደርሱ ሲነሱ ሁሉም ቆመ። ፀጥ ሲል፣ ከጥሩሸዋ ወገብ አካባቢ «ጺው» አለ።

ቀጭን ድምፅ ነው። ጽናት ጫጩት ገብቶ እንደሆነ ብላ ወንበሩ ሥር አየች። ደግሞ «ጺው» አለ፤ ሌላም መለሰለት። ጥሩሸዋ በሁለት እጇ ሆዷን ተጭና ዓይኗን ጨፈነች። ጽናት ቀስ ብላ ወደ እናቷ መቀነት ጎንበስ አለችና እዚያው ቀረች። ጸሎቱ እንዳለቀ ክንዷን ይዛ ጓዳ አስገባቻት፤ በሩን ዘጋች።

«ፍቺው እማዬ።»

ጥሩሸዋ ፈታችው። ሰባቱ እንቁላሎች ተራ በተራ ወጡ። የሁለቱ ቅርፊት ተሰንጥቋል፤ በአንደኛው ስንጥቅ የወፍ አፍ ጫፍ ይታያል። ጽናት እጇን ወደ አፏ አደረገች። ከዚያ የእናቷን ቀሚስ በግራ በኩል፣ ባለፈው የራሰውን፣ ነካች።

«ያን ለት...»

«አንቺ ነሽ የሰበርሽው» አለች ጥሩሸዋ። «ስምንት ነበሩ። የወዳጆ ናቸው። ተይ ሲለኝ አልሰማሁትም። ከዶሮው ጋር አብሬ አስታቀፍኳቸውና ገብስማዋ ትታቸው ተነሳች። አንቺው ታቀፊያቸው ብሎኝ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ያለኝ እሱን ነው። እታቀፋቸዋለሁ ብዬዋለሁ፣ ታቀፍኳቸው።» ድምፅዋ ተሰበረ። «አበደች ካልሽ በይ። ውሰጂኝ ካልሽም ውሰጂኝ። ግን ሰዉ ቂም ይዛ ነው ሲለኝ ሰምቻለሁ። ወንድሜን አላለቀስኩትም እኮ ጽናት። ቆሜ ነው የቀበርኩት።»

ጽናት ጎንበስ ብላ መቀነቱን ከመሬት አነሳችው። እንቁላሎቹን እናቷ እንዳደረገችው አንድ በአንድ በእጥፉ መሃል አኖረች፣ የተሰነጠቁትን ስንጥቃቸውን ወደ ውጭ አድርጋ፤ ከዚያ በገዛ ሆዷ ላይ መጠምጠም ጀመረች። እጇ ስላልለመደ ሁለት ጊዜ ላላባት። ጥሩሸዋ ጫፉን ይዛ አጠበቀችላት።

«እኔ እይዛቸዋለሁ» አለች ጽናት። «አንቺ ሂጂና አልቅሺ።»

ጥሩሸዋ ባዶ ወገቧን ይዛ ወጣች። ከድንኳኑ መሃል ስትደርስ መሬት ላይ ወደቀች። ደረቷን ስትመታ የተቀመጠው ሁሉ ተነሳ። ጌታነሽ ያን ለት መልስ ያላገኘውን ሙሾ ከተወችበት አነሳችው። በሰልስት እንደ መርዶ ቀን ሲለቀስ ያየ ሽማግሌ በሰፈሩ አልነበረም። ጽናት ጓዳው በር ላይ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ እናቷን ታያለች፤ እሷም እያለቀሰች ነበር፣ ግን ሆዷ እንዳይንቀጠቀጥ እየተጠነቀቀች።

በማግስቱ ከሰባቱ ስድስቱ ተፈለፈሉ። ሲመሽ ገብስማዋ ክንፍ ሥር አሾለኳቸው፤ ስትነቃ የራሷ መስለዋት ተቀበለቻቸው። ጽናት የጠቀለለችውን ልብስ ሳትፈታ፣ ግን ደግሞ ሳትይዘው፣ ዓለም ከተማ ተመለሰች። ስትሄድ «አጎቴ እስከ ገና ብሎኛል» ብቻ አለች።

ሁለቱ የጅግራ ጫጩቶች በጥቅምት ብርድ ሞቱ። አራቱ አደጉ። ጌታነሽ በአጥሩ ማዶ እየረገመቻቸው ትውላለች፤ ከእሷም ጓሮ ጫጩት መጥፋቱ እንደቆመ ግን አትክድም።

ለገና ዋዜማ ጽናት መጣች። በዋናው መንገድ አልመጣችም። በጓሮ በኩል፣ እናቷ በማታይበት ጎን፣ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ በድንጋዩ ላይ እግሯን ቀስ እያደረገች ነው የመጣችው። አጥሩ ጋ ሳትደርስ አራቱም ጅግሮች ባንድ አፍ ጮኹ። ዶሮዎቹ ቁጥቋጦ ውስጥ ገቡ። ጓሮው ባዶ ሆነ። ጥሩሸዋ ዱላዋን ይዛ በሩን ከፈተችና ፊቷን በቀጥታ ልጇ ወዳለችበት ጎን አዞረች።

«ማነው በጓሮ የሚመጣው?»

«እኔ ነኝ እማዬ። ማን ነገረሽ?»

«ወዳጆ» አለች ጥሩሸዋ። ዱላዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ልጇን ልትስም እጇን ዘረጋች። ጽናት ጫማዋን አጠለቀች። የዚያን ዕለት ማታ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ከመስከረም ጀምሮ ተጠቅልሎ የኖረውን የእናቷን ልብስ ፈትታ ቦታው መለሰችው።